ቅጠል በጣሹና የግድግዳው ፈርን

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቅጠል በጣሽ ይሉታል። መድኃኒት ቀምሞ አያውቅም። ሥራው ከመሬት በታችና ከግድግዳ ውስጥ የሚያፈሱ ቱቦዎችን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ የሚያገኛቸው ደግሞ በፈርን ነው። ፈርን ያ አበባ የማያወጣው፣ ቅጠሉ ላባ የሚመስለው፣ ከአሮጌ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ብቅ የሚለው ተክል ነው። ሰው ሁሉ አይቶት ያልፋል። ቅጠል በጣሹ ግን ይቆማል፤ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ክብ ይሠራል፤ ቆፋሪዎቹ ክቡን ሲሰብሩት የሚያፈሰው ቱቦ እዚያው ይገኛል።

ሥራ ሲጀምር የተሰጠው የብረት ዘንግ ነበር። አንዱን ጫፍ መሬት ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ላይ አድርጎ ውሃው ሲያፏጭ ማዳመጥ። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ደከም ያለ ነበር። ይህን ለማንም ሳይተነፍስ ዓይኑን ማሠልጠን ጀመረ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ ዘለቀ።

ፈርን ቀጥተኛ ፀሐይ እንደማይስማማው፣ ነፋስ የሚያደርቀው ቦታ ላይ እንደማይሰነብት ያውቃል። አዲስ ሲሚንቶ አይመቸውም፤ የተፈረፈረ የኖራ ልስን ይወዳል። ዘሩ ከቅጠሉ ጀርባ የምትገኝ ቡናማ ዱቄት ናት። ነፋስ የትም ይበትናታል፤ የምትይዘው ግን እርጥበቱ በማይደርቅበት ቦታ ብቻ ነው። የአንድ ቀን ዝናብ አይበቃትም። ስለዚህ በበጋ እኩሌታ አንድ ግድግዳ ላይ ለምለም ፈርን ካለ፣ ከኋላው ውሃ አለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አብራርቶ የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለታናሽ እህቱ። እህቱ አንሶላ የምትሰፋ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ አሮጌ ፎቅ ቤት ሁለተኛው ወለል ላይ ለብቻዋ ትኖራለች። እሱም ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ወሬ አይሆንለት። በዓመት ሁለት ሦስቴ ምሳ ሊበላ ይመጣና ሰላምታው ሲያልቅ ስለ ፈርን ያወራል። እሷ ሳህን እያጠበች ትሰማለች።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ የሚያዳምጥ ማሽን ገዛ፤ ከማሽኑ ጋር አንዲት ወጣት ቴክኒሺያን መጣች። አለቃው ቅጠል በጣሹን አስጠርቶ፣ «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከሳትክ ወደ ቆጣሪ ንባብ ትዛወራለህ» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ግድ አይሰጠውም። እሱን ግን እንቅልፍ ነሳው። ቆጣሪ አንባቢ በር ያንኳኳል፣ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል፣ ሲቆጡት ይመልሳል። እሱ የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራውን የሠራው ማንንም ሳያናግር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ ፎቅ ቤት ውሃ እየጠፋ ነው ተባለ። የእህቱ ቤት ያለበት ፎቅ ነበር። ዋናው ቆጣሪ የሚያስገባው ውሃ ነዋሪዎቹ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ የውሃ ሽታ ሆኗል። ቅጠል በጣሹ ከሕንፃው ጀርባ፣ ሕንፃውና የጎረቤቱ ፎቅ ተቀራርበው በሠሩት ጠባብ ክፍተት ውስጥ በጎኑ ገባ። ከዚህ በፊት በዚያ በኩል መጥቶ አያውቅም። ቀና ሲል፣ ከእህቱ ወጥ ቤት መስኮት ሥር ክንድ የሚያህል ፈርን ተንዠርግጎ አየ። ልቡ አረፈ።

ስልክ ደወለላት።

«እቴ፣ የወጥ ቤትሽን ግድግዳ ልሰብረው ነው።»

«ምን በደለህ?»

«ውስጡ ያለው ቱቦ ያፈሳል።»

«መደርደሪያውን ያሰቀልኩት እኮ ባለፈው ወር ነው፣ ጋሼ።»

«ይወርዳል፤ ተመልሶ ይሰቀላል።»

«አንተ ካልክ እንግዲህ። ቁልፉ ጎረቤት አለ። ሳህኖቼን ግን ራስህ አውርድ፤ ቆፋሪዎቹ እንዳይነኩብኝ።»

ሳህኖቹን አንድ በአንድ አውርዶ አልጋዋ ላይ ደረደረ። ጠመኔውን ሲያወጣ ቴክኒሺያኗ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አባቴ፣ የቤቱን ሰው ጠይቀዋል?»

«ሰው ምን ያውቃል፣ ልጄ። ቅጠል ነው የማይዋሽ።»

መዶሻው ሥራውን ጀመረ። ግድግዳው ለካ የደከመ ኖሯል፤ እስከ ውጭ ድረስ ተቦደሰና ፈርኑ ከነሥሩ ወደ ታች ወደቀ። ቱቦው ብቅ አለ። ላዩ ላይ አቧራ ነበር። ቅጠል በጣሹ በመዳፉ ዳበሰው፤ አቧራው መዳፉ ላይ ቀረ። አንደኛው ቆፋሪ፣ «ዛሬ ቅጠሉ ምነው?» አለ፤ ሌላው ሳቁን በሳል ለወጠው።

ቴክኒሺያኗ ማሽኗን ይዛ ወረደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከፊት ለፊቱ ግቢ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሚያርፍበት ሲሚንቶ ሥር ውሃው ተገኘ።

እህቱ ከሥራ ስትመለስ በቀዳዳው በኩል የጎረቤቱን ፎቅ ግድግዳ አየች።

«ምን አይተህ ነው እዚህ የሰበርከው?»

«ፈርን።»

አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከሳህኖቿ አጠገብ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ፈርኗ እኮ የኔ ናት፣ ጋሼ።»

«የአንቺ ማለት?»

«ስገባ ሁለት ቅጠል ነበረች። ጥላ አላት፣ ነፋስ አይደርስባትም፣ ግድግዳው ያረጀ ነው። አንተ እንደምትለው የጎደላት ውሃ ብቻ ነው አልኩ። በየጠዋቱ አትክልት ያጠብኩበትን ከሳፋው በመስኮት አፈስላት ነበር። ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

«መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አንተ ስትመጣ እኔ ሰሚ ነኝ።»

ወደ ግቢው ወርዶ የተቆፈረውን አየ። ከጉድጓዱ ዙሪያ አንድም ፈርን የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ፀሐይ ይፈጀዋል። የቆመበት ስንት ጥላ፣ ያለፈበትም ስንት ፀሐያማ ግቢ እንደነበር አሰበ። የሚያገኘው በጥላ የሚፈሰውን ብቻ ነበር። ያላገኘውን ደግሞ ማንም ቆጥሮበት አያውቅም፤ እሱም ራሱ።

የስህተቱን ምክንያት የሚጽፍበት ወረቀት ተሰጠው። ስለ ሳፋው ቢጽፍ ጥፋቱ ግማሹ ወደ እህቱ ይሄዳል፤ የግድግዳውንም ጥገና ወጪ እሷን ያስከፍሏታል። «ነዋሪዋን አልጠየቅኩም» ብሎ ፈረመ። አለቃው አንብቦ ወደ ቆጣሪ ንባብ አዛወረው።

በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰፈር የእህቱ ሰፈር ነበር። አንኳኳ።

«ማነው?»

«ቆጣሪ አንባቢ።»

«ቆጣሪው ደረጃው ሥር ነው። ምን ያንኳኳሃል?» እያለች ከፈተችለት።

«በዛሬው ቀን አሥራ ሰባት በር አንኳኩቻለሁ። አንድ ሰውዬ ሌባ መስዬው በመስኮት አናገረኝ።»

«መልክህ ነው፣ ጋሼ።»

ቀዳዳው ተደፍኗል፤ መደርደሪያው ተመልሶ ተሰቅሏል። እሷ ሳፋውን አንስታ በመስኮቱ ጎንበስ አለችና የአትክልቱን እጣቢ ወደ ውጭ አፈሰሰች።

«አዲስ ሲሚንቶ ነው እኮ» አላት፤ «ፈርን አይዝም። ኖራው እስኪ...» ብሎ ጀመረና ተወው። መዝገቡን አጥፎ ብብቱ ሥር አደረገ።

«አንቺ ምን ትያለሽ? ይበቅላል?»

እህቱ ዞራ አየችው። ባዶውን ሳፋ ቁልቁል ደፍታ አስቀመጠችና ወንበር ሳበችለት።

«ሲሚንቶው ላይ አይደለም የማፈስሰው» አለች። «ከጎኑ ያለው አሮጌ ልስን ላይ ነው። ቁጭ በል፣ ልንገርህ።»