«ግልጽ ነው» የተባሉት አራት ገጾች

ሰምሃር ሰው ፊት አትጮኽም። ስትናደድ ድምጿ ጭራሽ ዝቅ ይላል፤ የሚያውቋት ያኔ ነው የሚፈሯት።

ከአያት ኮንዶሚኒየም እስከ ቦሌው ዩኒቨርሲቲ በታክሲ እየተጋፋች፣ ከሰዓት ደግሞ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ ኮሌጅ እያስተማረች፣ ለሒሳብ ዶክትሬቷ ሦስት ዓመት የለፋችው ለአንድ የሒሳብ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) ነው። ማረጋገጫውን የያዘው ጽሑፍ ጆርናል ላይ ካልወጣ መመረቅ የለም። የማረጋገጫው ልብ ደግሞ አራት ገጽ ነበር።

አማካሪዋ ዶክተር ተስፉ ጽሑፉን ወደ ጆርናሉ ሲልኩ፣ ሳይነግሯት አራቱን ገጽ አውጥተው በምትካቸው አንድ መስመር ከተቱ፦ «ይህ ግልጽ ነው።» የሒሳብ ሰዎች በሽታ ነው ይሄ። የከበዳቸውን ሁሉ ግልጽ ነው ብለው ይዘሉታል። ጆርናሉም «ለእኛ ግልጽ አይደለም» ብሎ መለሰው።

ነገሩ ሰምሃርም በተጠራችበት የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ተነሣ። ዶክተር ተስፉ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ «ልጅቷ ትቸኩላለች፤ አንድ ዓመት ይጨመርባት» አሉ።

የሰምሃር ደም ፈላ። ማርከር አንስታ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ ግልጽ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት» አለች፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምጿ። «እስቲ ያሳዩን።»

«እኔን ነው የምትፈትኚኝ?»

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሰዲቅ ጣልቃ ገቡ። «ያሳዩንና ነገሩ ይለቅ።»

ዶክተር ተስፉ ወደ ሰሌዳው ተነሡ። ሁለት መስመር ጽፈው ሦስተኛው ላይ ቆሙ። አጠፉ፣ ደገሙ፣ እዚያው ቆሙ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። ሰምሃር ማርከሩን ከእጃቸው ተቀብላ አራቱንም ገጽ በቃሏ ሰሌዳው ላይ አወረደችው።

ስትጨርስ ዶክተር ሰዲቅ፣ «ሙሉው ተመልሶ ይላክ። የሚጨመር ዓመት የለም» አሉ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ዞር ስትል ግን ዶክተር ተስፉ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው ከሰሌዳው እየገለበጡ ነው። ቀና ብለው መሃል ላይ ያለችውን መስመር በእስክሪብቷቸው አመለከቷት።

«ይቺ ከየት መጣች?»

የዛሬ ዓመት «አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው» ብለው የፈረሙበት ገጽ ላይ ያለች መስመር ነች። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ አላነበቡትም ነበር።