የሞላችው ካሜራዬ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን የምትጽፈው የልጀ ልጅ ናት። ከራሷ ከጨመረችበት ኃጢአቱ የሷ ነው።

ካሜራዋ ስትመጣ ልጀ አረብ አገር ከገባች ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። ከዚያ የተመለሰች የቡሬ ልጅ በሻሽ ጠቅልላ አመጣችልኝ። የገላ ሳሙና ታክላለች፣ ብርማ ነች፣ ሲጫኗት ዓይኗ እንደ ኤሊ አንገት ብቅ ይላል። ልጅቱ አጠገቤ ተቀምጣ የሚነካውን እየነካች አሳየችኝ። መልእክቱንም ነገረችኝ።

«ልጅዎ፣ ‹የፎቶ ቤት መጋረጃ አልፈልግም። እማየ ደጃችን ላይ፣ ዋንዛው ሥር ቁማ ልያት። ፊቷ እየጠፋብኝ ነው› ብላለች።»

«ይኸ አፍንጫ በስምንት ዓመት ይጠፋል?» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እዚያው ልታነሳኝ ስትል ባትሪው አለቀ። እኛ ዘንድ መብራት የለም። ልጅቱ ስትሄድ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና ላሚቱ ብቻ ነበርን፤ እሷም ነገር አትመልስም።

በገበያ ቀን ቡሬ ወስጄ ሱቅ ውስጥ ባትሪውን አስሞላሁ። ሞልቶ ሲመለስ ግን ካሜራዋን ለሰው መስጠት አቃተኝ። ከልጀ እጅ ወጥቶ እጄ የገባ ነገር እሱ ብቻ ነው። ማንም ቢጠይቀኝ «ይሰበራል» እላለሁ። እኔ ራሴ አውራ ጣቴን አነሳሁ፣ መሬቱን አነሳሁ፣ የላሚቱን ቂጥ አነሳሁ። የኔን ፊት ነገ እላለሁ፣ ፀጉሬ ሲሠራ እላለሁ።

መጀመሪያ የመጡት ከወንዝ ማዶ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ደጄ ቆሙ።

«እስቲ አንሺኝ።»

«ለምንዎ ነው?»

«ለለቅሶየ።»

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶው ለቀስተኛው መሀል ከፍ ተደርጎ ይያዛል። አልቃሿም እሱን እያየች ነው ግጥሙን የምታወርደው። ፎቶ የሌለው በጋቢውና በከዘራው ይለቀስለታል። ሽማግሌው ይህ አሳስቧቸዋል።

«ጥርሴ እንዳይታይ» አሉኝ።

«የትኛው ጥርስዎ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሞቼም አትለቂኝ?»

«መቼ ሞቱ፣ ዝም ብለው ይቁሙ እንጂ።»

ወሬው ወጣ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌውም አሮጊቷም ልብሱን አጥቦ ዋንዛው ሥር ይሰለፋል። አንዱ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንዲመስል ፊቱን ያጨልማል፤ «ኧረ ገና ነዎት» እላለሁ። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው የማነሳው። ደጄ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም ነበር። ሲሄዱ ግን ጨዋታውን ሁሉ ይዘውት ይሄዳሉ።

በአጥር የምንዋሰን አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። ዘሯ ከአዊ ነው፤ ሲከፋት በአውኛ ትሰድበኛለች፣ የማይገባኝ እየመሰላት። እሷንም አነሳኋት። ሌሎቹ እኔኑ ከካሜራዋ ጋር ፍኖተ ሰላም ልከው ሲያሳጥቡ እሷ እምቢ አለች።

«ምን ያስቸኩለኛል? ስሞት ታሳጥቡታላችሁ።»

«ቀድሜሽ ብሞትስ?»

«አንቺማ ሞትም ይፈራሻል።»

ከዚያ መሞት ጀመሩ። ከዘራ የያዙት ሽማግሌ ቀደሙ። ለቅሶው ላይ ፎቷቸው ወጣ፤ ጥርስ አይታይም። ሰው ሲያለቅስ እኔ በልቤ ምን ያህል አስቸግረውኝ እንደነበር አስባለሁ። ሦስት ክረምት ሳያልፍ ካነሳኋቸው የቀሩት ጥቂት ሆኑ። የታጠበው ፎቶ በየልጆቻቸው ቤት ተሰቅሏል። እኔ ዘንድ ያለው ካሜራዋ ውስጥ ያለው ነው። ከሰዓት በኋላ ደጄ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አሳልፋቸዋለሁ፤ «ምነው ዛሬ ከፋዎት» እላለሁ፣ «ይቺን መቀነት ከማን ተውሰሽ ነው» እላለሁ። አይመልሱም። ሆኖም ከላሚቱ ይሻላሉ።

አንድ ቀን ስጫናት እምቢ አለች፣ ቀይ ጽሑፍ አወጣች። በጋሪ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት ሄድሁ። ፎቶ ቤቷን የያዘችው ልጅ አየችና፣

«ሞልታለች እማማ። ለዚች የሚሆን ትልቅ ካርድ እዚህ አይገኝም። የማይፈልጉትን ላጥፋልዎ» አለችኝ።

አውራ ጣቴን አጠፋች፣ መሬቱን አጠፋች፣ የላሚቱን ቂጥ አጠፋች። የምታጠፋበትንም ቁልፍ አሳየችኝ፤ የቆሻሻ ቅርጫት የተሣለበት ነው። ቦታው ተመልሶ ለመሙላት ሁለት ወር አልፈጀበትም። እንደገና ሄድሁ።

«እንግዲህ የሞቱትን እናጥፋ እማማ?»

«ልጀ፣ አንዴ የሞተን ሰው ሁለተኛ ትገድያለሽ?»

«ሲዲ ላይ ልገልብጥልዎ፤ አይጠፉም።»

ሲዲውን አሳየችኝ። ገለባብጬ አየሁት፤ ከራሴ ጥላ በቀር ሰው የለበትም። ጎረቤቶቼን እዚያ ውስጥ ትቼ አልመጣም ብዬ ተመለስሁ።

ልጀ በቀበሌው ሊቀመንበር ሞባይል ትደውላለች።

«እማየ፣ ፎቶውስ?»

«ፀጉሬ አልተሠራም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ብዙ ፀጉር ነው።»

ትስቃለች። «እማየ፣ በሕልሜ ሳይሽ ጀርባሽን ነው የማይ» አለችኝ አንድ ቀን። ስልኩን ለሊቀመንበሩ መልሼ እስከ ቤቴ ድረስ ከማንም ሰላምታ አልተቀበልሁም።

ለጓደኛዬ ነገርኋት። አጥሩን ተደግፋ ሰማችኝ።

«ታዲያ እኔን አጥፊኝ» አለች። «እኔ እንደሁ አለሁ። በኔ ቦታ ተነሺ፣ ያንቺ ሲታጠብ መልሰሽ ታነሺኛለሽ።»

«ካሜራዋን ማን ይይዛል?»

«እኔ ነኛ። ወይስ ይሰበራል?»

ቅርጫቱን እኔው ተጫንሁት። ጠፋች። እሷ ግን አጠገቤ ቁማ ነበርና ምንም አልመሰለኝም። ፎቶ እንዲያነሳባት ካሜራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እጅ ሰጠሁ። ዋንዛው ሥር ቆምሁ። አንድ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፍታ ታነጣጥራለች፣ ነፍጥ የያዘች ነው የምትመስለው።

«ተኩሽ እንጂ» አልኳት።

በአውኛ ሰደበችኝ። ስስቅ ተጫነችው።

ፎቶው ታጠበ፤ አንዱ ወደ ልጀ ሄደ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ቀረ። ልጀ ደውላ ብዙ አለቀሰች። «እንዲህ ስትስቂ ማን አለ አጠገብሽ?» አለችኝ። «ብቻሽን የሆንሽ መስሎኝ ነበር» አለች። ጎረቤቴ ናት አልኳት፤ ልቧ ዐረፈ።

ጓደኛዬን መልሼ ማንሳት ነበረብኝ። የኔን አጥፍቼ እሷን ማንሳት፣ ይኸው ነው ሥራው። ግን ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጨቀየ፣ ባትሪው አለቀ። እውነቱን ልናገርና፣ ፊቴን እያየሁ ደስ ብሎኝም ነበር። እንደዚያ ስስቅ አይቼ አላውቅማ። በሚቀጥለው ገበያ እላለሁ፤ እሷም «እኔ የት እሄዳለሁ» ትላለች።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሦስት ቀን ታማ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ቀሚሷንና ነጠላዋን አወጡ። አልቃሿ ዞር ዞር ብላ፣

«ፎቶዋስ?» አለች።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሁሉንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። የጓደኛዬ ልጅ፣

«እናቴን አላነሷትም ነበር?» አለችኝ።

«አንስቻት ነበር። ያጠፋኋትም እኔ ነኝ» አልሁ። የሆነውን ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከጉያዬ የኔን ፎቶ አወጣሁና ሰጠኋት።

«በቁምዎ?» አለች ደንግጣ። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ለቅሶ ላይ አይወጣም፣ ሟርት ነው።

«ይህን ያነሳችው እሷ ናት። ሌላ ያነሳችው የለም። የምስቀውም በሷ ነው። ያዥው።»

ያዘችው። ከፍ አደረገችው። አንዷ ከኋላዬ «አሮጊቷ የራሷን ለቅሶ ቀድማ አየች» አለች፤ ሰማኋት። እኔም አየሁ። ስንት ሰው ደረቱን ሲደቃ፣ እኔ ከሁሉ በላይ ተይዤ ጥርሴን ከፍቼ እስቃለሁ። አልቃሿ ፎቶውን ትክ ብላ አየችና፣ በፎቶው ያለችውን ትታ ፊት ለፊቷ ቁማ ስላነሳቻት ግጥሙን አወረደች። ያኔ ነው ያለቀስሁት።

ሲበተን ልጅቱ ፎቶውን መለሰችልኝ፤ ጠርዙ በእጇ ላብ ርሷል። ካሜራዋ አሁንም እንደሞላች ናት። «ያንቺን አጥፊው» ትለኛለች የልጀ ልጅ፣ ለሌላ ሰው ቦታ ይሁን ብላ። ለማን ቦታ እንደሚሆን ትንገረኝና አጠፋዋለሁ።