አውሮፕላን የተኛበት ገብስ

ከዳባት እስከ ማክሰኝት ያለህ ሁሉ፣ ያለህበት ቁምና አድምጥ! የሁለት በሬና የአንዲት አህያ ጌታ፣ ለማዳበሪያ ሦስት ቀን የሚሰለፈው አያ ቢሻው፣ የአገሪቱን ሰማይ የሚያውክ አደገኛ ሰው ሆኖ ተገኝቷል።

አያ ቢሻው ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ፈቅ ብሎ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ገብስ ያመርታል። ዕድሜውን ሙሉ ከሰማይ የጠየቀው ዝናብ ብቻ ነበር፤ ያውም በወቅቱ። ዘንድሮ በታኅሣሥ ሰማዩ አቶ ጌትነትን ላከለት።

አቶ ጌትነት የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ነው። እንደ እኛ አውቶቡስ ውስጥ መታሸት ስለማይመጥነው ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ገዛ። መነሣት ተማረ። ማረፉን ለሚቀጥለው ወር አቆይቶት ኖሯል። ወገራ ላይ ሞተሩ ቀጥ ሲልበት የታጨደ ማሳ አየና ወረደ፤ እየነጠረ መጥቶ አያ ቢሻው አውድማ ላይ ከተከመረው ገብስ ውስጥ እስከ ክንፉ ተሰነቀረ። ክምሩ ባይኖር ቀጥሎ ያለው ገደል ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መርማሪዎቹ በኋላ በጻፉት ሪፖርት ውስጥ የለም።

አቶ ጌትነት በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ከነጫማው። አውድማ ደግሞ በጫማ አይረገጥም፤ በረከት ይሸሻል። አያ ቢሻው ገብሱን የሚያገላብጥበትን መንሽ እንደያዘ ጮኸ፦

«ምነው አንተ! ጫማህን አውልቅ እንጅ!»

«አያ፣ ተከስክሼ እኮ ነው!»

«አይቻለሁ። አውልቅና ተከስከስ!»

አወለቀ። ከዚያ በኋላ ነው አያ ቢሻው ደግፎ ቤት ያስገባው፣ ጠላ ያጠጣው።

በማግስቱ መርማሪ ኮሚቴ መጥቶ አውድማው ላይ በጫማ ቆመ። ማኅተም የያዘ ሰው አውልቅ አይባልም። ጸሐፊው ሐብተ ማርያም ጠየቀ፦

«የአብራሪውን ጫማ አስወልቀዋል?»

«አዎ።»

«በእጅዎ ምን ነበር?»

«መንሽ።»

«ክምሩን እዚህ ያቆመው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ሸጋ አድርጌ!»

ሐብተ ማርያም ጻፈ፦ «በሹል መሣሪያ አስፈራርቶ ጫማ ገፏል፤ በማረፊያ ቦታ እንቅፋት መከመሩንም በኩራት አምኗል።» አያ ቢሻው ማንበብ ስለማይችል አመስግኖ አውራ ጣቱን አሳረፈ።

አውሮፕላኑም ገብሱም ማስረጃ ተባሉ። ዙሪያውን ገመድ ተወጠረ፤ ዋናው መርማሪ እስኪመጣ የነካ ወዮለት! አውሮፕላኑን ሸራ ሲያለብሱት የአያ ቢሻው ሚስት አማረች ጠየቀች፦

«ለገብሱስ?»

«ሸራው የተፈቀደው ለአውሮፕላኑ ነው፣ እናቴ።»

ይኸው አሥራ አንድ ቀን። አቶ ጌትነት ጎንደር ሆቴል ተቀምጦ እንዴት በጥበቡ እንደተረፈ ያወራል። የዓመቱ እህል ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ነው፤ በዳባት በኩል ደግሞ ያለወቅቱ ደመና ጠቁሯል። ገብስ ከራሰ ይበቅላል፤ ለዚህ መርማሪ አያስፈልግም።

አንባቢ ሆይ፣ ቢሮ ውስጥ ዘመድ አታጣም። ደውልና ጠይቅልን፦ ሸራውን ሁለት ክንድ ወደ ገብሱ መሳብ ስንት ዓመት ያስፈርዳል? አሁኑኑ ደውል። ስልኩን ካላነሡልህ ግን ቢላህን ይዘህ ና፤ እኔ ገመዱን በዚህ በኩል ወጥሬ ስይዝልህ፣ አንተ በዚያ በኩል…