ሁለት መኪና ለመንደር አራት

ባለፈው ሳምንት አሶሳ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ የጻፈውን ፕሮግራም ሊያሳየኝ ጠራኝ። የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ የፕሮግራሙን ስም ጻፈ፤ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች አስከተለና ቁልፉን ተጫነ። ሠራ። ቁጥሮቹን ያገላበጠ ሰው ቢመጣስ ብዬ ጠየቅኩት። «ማን ያገላብጣቸዋል ቲቸር?» ብሎ ሳቀ። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። ቁጡ መሆኔን ተማሪዎቼ ያውቃሉ፤ ጠረጴዛ ስመታ ግን አይተው አያውቁም።

ነገሩ ሲሆን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መተከል ውስጥ ታጣቂዎች መንደር እያቃጠሉ ሰው የሚገድሉበት የክረምት መግቢያ ነው። ማንጎው በስሎ ይረግፋል፤ የሚለቅመው ስለጠፋ መንገዱ ሁሉ በብስባሽ ይሸታል። እስከ ዛሬ ማንጎ አልበላም። የእኛ የሰፋሪዎቹ መንደሮች መጠሪያቸው ቁጥር ነው፤ እኔም የቁጥር ልጅ ነኝ። ከየት ነሽ ስባል «ከስድስት» ብዬ እመልሳለሁ፤ የሚገርመው ሰው የለም። እዚህ የምጠራቸውን ቁጥሮች ግን ቀይሬያቸዋለሁ፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ።

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰብስበን፣ ሰው የሚያሸሹ አራት የጭነት መኪኖችን እናሰማራ ነበር። ስልክ ተቋርጧል፤ መንደሮቹ የሚጠሩን በሬዲዮ መገናኛ ነው። በእጅ ሲጻፍ የነበረውን ማዘዣ ለማፋጠን አንዲት ፕሮግራም ጻፍኩና «ላክ» አልኳት። ከስሟ ቀጥሎ መጀመሪያ የመንደሩን ቁጥር፣ ከዚያ የመኪናውን ብዛት መጻፍ ነው። ማዘዣው በቀጣዩ ክፍል ታትሞ ይወጣል፤ ዘበኛው ለሾፌሮቹ ያድላል። ፕሮግራሟ ምንም አትጠይቅም፤ ኩራቴም እሱ ነበር።

ሬዲዮው ላይ ከእኔ ጋር የሚፈራረቀው ጋሽ አድማሱ ነው፤ የቡለን ሰው፣ እንደ እኛ ሰፋሪ ያልሆነ ሺናሻ፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ኪሱ ከተቆላ ማሽላ አይለይም፤ ሲያስተምሩት እንኳ እየቆረጠመ ነው። ሁለት ጊዜ ካሳየሁት በኋላ መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«ልጄ፣ ብሳሳትስ? እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ብትጠይቀኝ ምን አለበት?»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር እንደ አማት ከጨቀጨቀ ማን ይሠራበታል?» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያንን ሳቅ ዛሬም እጠላዋለሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሬዲዮው ጮኸ። እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። የጠራው ሰው ከተኩስ መሀል «ሁለት መኪና ላኩ፣ መንደር አራት ነን» ብሏል። ጋሽ አድማሱ እንደ ሰማው ጻፈው፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። ፕሮግራሜ ዝም ብላ ተቀበለችው። አራቱም መኪኖች ወደ መንደር ሁለት ከነፉ። መንደር ሁለት ሰላም ነው፤ ሾፌሮቹ የሚጫን ሰው እየጠበቁ ቆሙ፤ ስህተቱ ገብቷቸው በጭቃው ዞረው አራት እስኪደርሱ ቀኑ ተጋምሷል።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ በር ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ላይ የነበረውን አየሁ። አንዲት ሴት የሕፃን እግር በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች፤ እግሩን ብቻ። ፊቱ የተቃጠለ ሽማግሌ ውሃ ይለምናል። ደሙ በመኪናው ወለል ስንጥቅ እየወረደ ጎማው ላይ ይንጠባጠባል። ከሟቾቹ ሁለቱ አብረውኝ የተማሩ ልጆች ነበሩ።

ወንዶቹ ከመኪናው ዘለው ማዘዣውን ማን ጻፈው ብለው ጠየቁ። ዘበኛው ወደ ጋሽ አድማሱ ጠቆመ። «ሆን ብለህ ነው» አለው አንዱ፣ ወንድሙን ያጣው። በዱላ የመጀመሪያውን ሲያሳርፍበት መነጽሩ ተሰበረ። ሲወድቅ ረገጡት። የጎድኑን ድምፅ ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ከኪሱ ማሽላው ጭቃው ላይ ተበተነ። እኔ ኮምፒውተሩን ደረቴ ላይ አቅፌ በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ። ፕሮግራሟ የእኔ ናት፣ እንድትጠይቀው ለምኖኝ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ፤ ይህን ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ጋሽ አድማሱ ከወደቀበት ቀና ብሎ አየኝ። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት።

ጋሽ አድማሱ ሦስት ቀን ኖሮ ሞተ። አንድም ቃል ለማንም አልተናገረም አሉ። ለቅሶው ላይ ሚስቱ ከጎኗ አስቀምጣኝ «እንደ ልጁ ነበር የሚወድሽ» አለችኝ። ለእሷም አልነገርኳትም። ጥይት ባልነካኝ አገር በፍርሃት ሰው ገደልኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ተማሪዬ ትናንት ፕሮግራሙን አስተካክሎ አመጣ። አሁን እያንዳንዱ ቁጥር ከነስሙ ካልተጻፈለት አይቀበልም፤ ከተቀበለም በኋላ «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። ጎበዝ አልኩት። ለምን ያን ያህል እንደተቆጣሁ ጠየቀኝ፤ አንድ የማውቃቸው መምህር ፕሮግራሜ እንዲህ እንድትጠይቅ ለምነውኝ ነበር አልኩትና ወደ ሌላው ተማሪ ሄድኩ።

ይህን ሁሉ ዓመት፣ ያ የጭንቅላት ንቅናቄ «ዝም በይ፣ ይገድሉሻል» ማለቱ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ምናልባት እንደዚያ ነው። ምናልባት ግን ዓይኑ ውስጥ የገባውን ደም ማራገፉ ነበር፤ እኔንም ጭራሽ አላየኝም።