እጄ ያበላሸው ጠመንጃ

ልጅ እያለሁ እጄ ብረት ያበላሻል ተብዬ ነበር። የተባልኩት ደግሞ ጋምቤላ ውስጥ፣ ከባሮ ዳርቻ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል፤ ከሀፍረት እንዳይመስላችሁ፣ ከንዴት ነው።

የኔ እድሜ የሆናችሁ ኢላማ ማስተኮስን ታስታውሳላችሁ። አንድ የአየር ጠመንጃ፣ አንድ አሮጌ ጠረጴዛ፣ ከወዲያ ደግሞ ካርቶን በተለበጠ ጣውላ ላይ በክር የተንጠለጠሉ ቆርኪዎች። ቆርኪ መትቶ ያስጮኸ ከረሜላ ወይም ብስኩት ይወስዳል። በኛ ሰፈር ይህን የሚያስተኩሰው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነበር። ጋሼ ነው የምለው። አንድ እግሩ ስለሚያነክስ እርሻም ሸክምም አልሆነለትም፤ እንጀራው ያ ጠመንጃ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ደብተሬን እንደያዝኩ እሱ ጋ እሮጣለሁ። ቆርኪ እሰቅላለሁ፣ ጠመንጃውን ከወገቡ ሰብሬ ጥይት አጎርሳለሁ። እነዚያን ትንንሽ የእርሳስ ጥይቶች ጉንጬ ውስጥ ይዤ አንድ በአንድ እያወጣሁ ነበር የማጎርሰው። እርሳስ መርዝ መሆኑን ያኔ ማን ነገረን! ዛሬ ልጄ እንዲህ ስታደርግ ባያት ሰፈሩን በጩኸት አናውጠው ነበር።

ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች ያላለ ዘመድ አልነበረም። ጋሼ ግን "ዓይኗ ከሁላችሁ ይሻላል፣ ተዉአት" ይል ነበር። እኔም በዚያች ቃል እንደ ንግሥት እኮራለሁ።

ታዲያ አንድ በጋ ጠመንጃው መሳት ጀመረ። ቆርኪ መሃል ለመሃል ያነጣጠረ ሰው ካርቶኑን ይበሳል። ደንበኛው "ጋሼ፣ ከረሜላህን ለማትረፍ አጣመምከው እንዴ?" እያለ ይቀልዳል፤ ቀልዱ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ጋሼ ጨነቀው። በየማለዳው የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ያንጠባጥባል። መድኃኒቱ እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። አቧራው ከዘይቱ ጋር እየተቦካ ሌላ ጣጣ እንደሚያመጣ አላሰበም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከጓደኞቹ ጋር መጣ። አምስት ተኩሶ አምስቱንም ሳተ። ከዚያ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወደ እኔ ጠቆመ።

"እኔ ስንት ሞተር ያገላበጥኩ ሰው ነኝ። ይሄ ነገር የከዳህ ይቺ ማጉረስ ከጀመረች ወዲህ ነው። የሴት እጅ ብረት ያበላሻል!"

ሰው ሳቀ። ጋሼም ይስቅና ይመልስለታል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። መሬት መሬት እያየ፣ "ብርቄ፣ ከነገ ጀምሮ ከእናትሽ ጋር ሁኚ" አለኝ። ከነገ ነው ያለኝ። ዛሬ ገና አላለቀም ነበር።

የጋምቤላን የቀትር ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሱቁም ሰዉም ይተኛል። ጋሼ ማንጎ ዛፍ ሥር ጋደም እንዳለ ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ትንሽ ላምባ በብልቃጥ ይዤ፣ ወደ ባሮ ወረድኩ። እዚያ የክፍል ጓደኛዬ አሪየት የአባቷን የዓሣ መረብ እየጠገነች ተቀምጣለች። አሪየት አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነበር የምትለው፤ እኔ በአኝዋክኛ ስኮላተፍ ደግሞ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቅብኛለች።

"አንተ፣ ጠመንጃ ሰረቅክ?"

"አልሰረቅኩም። ላጸዳው ነው።"

"ዓሣ መሰለህ?"

ጠመንጃውን ከወገቡ ሰብሬ ቱቦውን ወደ ሰማይ አዙሬ አየሁ። ድሮ ውስጡ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ መስመሮች ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። አሁን ግራጫ ቅርፊት ይዞታል። ስንት ሺህ ጥይት ሲያልፍ እርሳሱ እየተላጠ እዚያው ቀርቷል፤ አንድም ቀን ጠርጎት የሚያውቅ የለም። ሽቦ ላስገባ ስል አሪየት እጄን መታችኝ። "ብረት ይፍቀዋል!" ብላ የትልቁን መንጠቆ ወፍራም ናይለን ቆርጣ ሰጠችኝ። ናይለኑን አጥፌ ከማጉረሻው በኩል አስገብቼ በአፈሙዙ አወጣሁት። ጫፉ ላይ ከአሮጌ ከነቴራዬ የቀደድኩትን ጨርቅ አሰርኩ፣ ላምባ ነከርኩ፣ ጎተትኩ። ጭቃ የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣ፤ በመሃሉ የእርሳስ ስብርባሪ ያብለጨልጫል። እንደገና። እንደገና። ጣቶቻችን ጥቀርሻ መስለው፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጎተትን። ጋሼ ሳይነቃ ከአሪየት ጋር ወስደን ጠረጴዛው ላይ መለስነው።

አመሻሹ ላይ ሹፌሩ ተመልሶ መጣ፤ እልህ ይዞታል። የመጀመሪያው ጥይት ከካርቶኑም በላይ ሄደ። ሁለተኛው ወደ ታች። ከጠዋቱም የባሰ! ጋሼ ጠመንጃውን አሸተተው። "ላምባ... ማን ነካው?"

ዝም ማለት እችል ነበር። "እኔ ነኝ። ጠረግኩት" አልኩ።

ሹፌሩ አጨበጨበ። "አላልኩም? እናንተ ሰዎች፣ አላልኩም?"

ጋሼ እጁን ዘረጋ። "አምጪው።"

በሕይወቴ እሱን እምቢ ብዬው አላውቅም። ጠመንጃውን ከጠረጴዛው አንስቼ ደረቴ ላይ አጣበቅኩት። "አልሰጥም። ይተኮሳል!" ብዬ ጥይት አጎረስኩና ራሴ ተኮስኩ። ሳትኩ። ደገምኩ፤ ሳትኩ። ሳቁ መንገዱን ሞላው። አሪየት ከኋላ "አንተ፣ እንዳትሰጥ!" እያለች ትጮሃለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አውቄ አልነበረም። ገና የተጠረገ ቱቦ ጥቂት ጥይት እስኪያልፍበት ድረስ እንደሚበታትን የተረዳሁት ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ራሴ ደጋግሜ አይቼ ነው። ያን ቀን የያዘኝ እልህ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ላይ ጠመንጃውን ነጥቀውኝ ቢሆን ኖሮ፣ የኔ እጅ ጠመንጃ እንዳበላሸ ይኸው እስከ ዛሬ ይወራ ነበር።

ስድስተኛው የቆርኪውን ጠርዝ ነካው። ስምንተኛው አስጮኸው። ዘጠነኛውም፣ አሥረኛውም። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። "እድል ነው" አለ ሹፌሩ። ጠመንጃውን ዘረጋሁለት። "እንካ፣ አንተም ሞክረው!" አንተ አልኩት፤ አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰውዬ። ተኮሰ። ቆርኪው ጮኸ። ከረሜላውን ተቀብሎ፣ ልጦ፣ ጎርሶ ሄደ።

ጋሼ ይቅርታ አላለኝም፤ የዚያን ጊዜ ትልቅ ሰው ለልጅ ይቅርታ አይልም። ጠረጴዛውን እያጠፈ፣ "ነገ ስትመጪ ላምባ እንዳትረሺ" አለኝ። በቃኝ።

አሁን ያ ቦታ ባጃጅ ይሰለፍበታል። ኢላማ የሚያስተኩስም ብዙ አላይም፤ ልጆቹ ተኩሱን ስልካቸው ላይ ጨርሰውታል። ጋሼ አፈር ከለበሰ ቆየ፤ እጁን ሲዘረጋ እምቢ ያልኩባት ቅጽበት ዛሬም ትመጣብኛለች፣ ግን አልጸጸትባትም። እኔ መሃል ከተማ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር እጠግናለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። ያኔ ለመታመን አሥር ጥይት ፈጅቼ ነበር። አሁን ከአቦቦ ወረዳ ፓምፕ ተሸክሞ የመጣ ሰው በትከሻዬ አሻግሮ ወደ ውስጥ እያየ "ባለሙያው የለም?" ሲለኝ፣ ከሥራዬ ቀና አልልም።

"አለች" እለዋለሁ። "እዚያ አውርደውና ተራህን ጠብቅ።"