ስኮኑና የፍሪጁ ቅቤ

ዛሬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋገርኩትን ስኮን ገና ስጎርስ፣ ከአፌ ረጅም ጸጉር ጎትቼ አወጣሁ። እኔ ደግሞ ራሴን የምላጭ ሰው ነኝ።

ስኮን ከሻይ ጋር የሚበላ፣ ቅቤ የበዛበት ትንሽዬ ዳቦ ነው። ዩቲዩብ ላይ "ቀዝቃዛ ቅቤ" ሲሉ ሰማሁ፤ ፍሪጅ ውስጥ በኩባያ ቅቤ አገኘሁና ከዱቄቱ ጋር አሸሁት። ሸተት ሲለኝ "የገጠር ቅቤ ነው" ብዬ አለፍኩት። የዋህ!

እህቴ ከሥራ ስትገባ ጸጉሩን አሳየኋት። ፍሪጁን ከፈተችና "የጸጉሬን ቅቤ ነው እንዴ የጨረስከው?" አለች።



"ተቀብቼ ሳበቃ እኮ እጄ ላይ የተረፈውን ጠርጌ እዚያው ነው የምመልሰው" ብላ ጨመረችልኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

ኤጭ! አፌን በሎሚ ታጠብኩ፣ አሁንም ምላሴ ጸጉር ጸጉር ይላል።

የባሰው ደግሞ፣ አከራያችን እትዬ አልማዝ ቀደም ብለው "እጅህ ይባረክ፣ ለአራስ ጥየቃ ይሆነኛል" ብለው ግማሹን በፌስታል ቋጥረው ጪጩ ከተማ ሄደዋል። አሁን ደወሉ። አራሷ በጣም ወዳዋለች፤ "ምን ጨምረህበት ነው?" ይሉኛል።

ምን ልበላቸው? እንዲህ ያለ ጉድ የገጠማችሁ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አያቅለሽልሸኝ።