ወደ በሩ ያዘነበለው ወለል

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ኮልፌ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠራሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ወለሉን ግን ማቶኔላ የሚሉትን ባለ ቀለም የሲሚንቶ ንጣፍ ላነጥፍበት ቆርጬ ነበር። በሠፈራችን ማቶኔላ ያለው ቤት አልነበረም፤ እኔም የፈለግሁት ለዚሁ ነው።

አባቴ ግንበኛ ነበሩ። «ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ እኔ ነኝ የማለብስልህ» ብለው ሁለት ቀን ተንበርክከው አለሰለሱት። እኔ ደግሞ ከአንድ ጣሊያን ኮንትራክተር ዘንድ ጥቂት ወራት ሠርቼ ውሃ ልክ ማየት ተምሬያለሁ። የተማርኩት እሱን ብቻ መሆኑን ማን ይንገረኝ! ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ ባስቀምጠው በመስታወቱ ውስጥ ያለው አረፋ ከመሃል ሸሸ። ወለሉ ወደ በሩ አዘንብሏል።

ጎረቤት ቆሞ እያየ፣ «አባባ፣ ዓይንዎ ደክሟል መሰለኝ፤ ወለሉ ተንጋዷል» አልኳቸው።

ውሃ ልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብለው የግንበኛ ማንኪያቸውን አጠቡና በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ።

ሌላ ሲሚንቶ በውሃ አቅጥኜ ቦያካ አደረግሁና አፈሰስኩበት፤ ራሱ እየሄደ ዝቅ ያለውን ሞላው። ሲደርቅ አረፋው መሃል ላይ ቆመልኝ። ማቶኔላዬን ደረደርኩ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ባለቤቴ ልታጥበው አንድ ባልዲ ውሃ ደፋችበት። በመጥረጊያ ብትገፋው ብትገፋው ውሃው አልወጣም፤ አልጋው ሥር ገብቶ ተኛ።

«የአባትህ ቤት ሲታጠብ እኮ ውሃው ራሱ ነው በበሩ የሚወጣው» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። አባቴ ያዘነበሉት አውቀው ነበር። እኛ ቤት የምናጥበው ውሃ ደፍተን ነው፤ ይህን ያልተረዳነው ጣሊያኑና እኔ ብቻ ነን። አፈርኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ንግግሬ ሠፈሩን ዞሮ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል እየተባለ ለሥራ የሚጠራቸው ጠፋ፤ ያን ማንኪያም ዳግመኛ ከጨርቁ አልፈቱትም።

«ሂድና ይቅርታ በላቸው» አለችኝ ባለቤቴ።

ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ሆነው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩኝ ብድግ ብለው መቀመጫቸውን ለቀቁልኝ። እያሾፉብኝ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁት፤ የምራቸውን ነበር። አባት ለልጁ ሲነሳ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እኔም በርጩማቸው ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አውርተን ተመለስኩ፤ እስኪሞቱም ድረስ ይቅርታ ሳልላቸው ቀረሁ።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ፣ እሳቸው ቆመው እኔ መቀመጤ ነው።